ለማንም ያልተካፈለው የጡብ ክምር

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም በግድ ነው የገባኝ። ይህን ቁጥር ግን ከማንም ፕሮፌሰር በላይ አውቀዋለሁ፤ በእጄ አንስቼዋለሁ፣ ላቤን አፍስሼበታለሁ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ ነው። የጡብ ቁጥር ነው። አትቸኩሉብኝ፤ በቀስታ እደርስበታለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ኮልፌ ያን ጊዜ እንደዛሬው ቤት በቤት አልሆነም ነበር። ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወዲህ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነበር። እኔ በአካባቢው ባለ አንድ የሸክላ ጡብ ማምረቻ ውስጥ ጡብ ጫኝ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ቢሆን ነው። እናቴ በልጅነቴ ሞታ ያሳደገኝ አጎቴ ነው። አባቴ ማን እንደሆነ ግን ሰፈሩ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። የሚናገረው ብቻ ነው የጠፋው።

አባቴ አቶ ዘርጋ የጋሪ ሰው ነበሩ። ከማምረቻው ጡብ እየጫኑ ቤት ወደሚሠራበት ያደርሳሉ። ሌላው ጋሪ ነጂ ማንም ቢጭንለት ግድ የለውም። እሳቸው ግን ፈረሱን ሳያቆሙ "ያ ቀጭኑ ልጅ የታለ?" ብለው እኔን ያስጠራሉ። ስጭን ከጎን ቆመው ያዩኛል። "ቀስ በል፣ ጣትህን" ይላሉ። ከዚህ ሌላ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም። እኔም አባዬ ብያቸው አላውቅም። ቤታቸው ሚስታቸው እትዬ በለጡ፣ ትልቁ ልጃቸው ተስፋዬና ታናሿ አስካለ ነበሩ። እኔ በዚያ በር ገብቼ አላውቅም።

ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ጡቡ ሳይሰበር ሲደርስላቸው ደስ ብሏቸው ጥቂት ጡብ ይመርቁላቸዋል። አንድ ቀን አምስት፣ አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን ምንም። እሳቸው ያንን እያመጡ ጓሮ ይከምራሉ። ዓመታት ሲያልፉ ክምሩ አጥሩን በለጠው። ሐሳባቸው ጭቃ ቤታቸውን አፍርሰው የጡብ ቤት መሥራት ነበር። ሳይሠሩት በሳንባ ታመው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ አፈር ሲገባ አየሁ፤ ለቅሶ ቤት ግን አልገባሁም። ማን ነህ ቢሉኝ ምን ልላቸው ነው?

አርባቸው በወጣ ማግስት የነፍስ አባታቸው አባ ተክሌ ማምረቻው ድረስ በእግራቸው መጡ።

"ሽብሩ፣ ነገ ጠዋት እነ ዘርጋ ቤት እንድትገኝ" አሉኝ።

"ምን ልሠራ አባ?"

"ጡብ ሊካፈሉ ነው።"

"ልሸከምላቸው?"

አባ ተክሌ ትንሽ አዩኝና "መጥተህ ታየዋለህ" ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ስደርስ ጓሮው ውስጥ ጎረቤት ተሰብስቧል። እትዬ በለጡ ጥቁር ለብሰው የጓሮው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩኝም። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ተናገሩ።

"ዘርጋ ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንዲህ ብሎኛል። ጡቡን ልጆቼ እኩል ይካፈሉት። ለሁሉም ደርሶ ካለቀ የእነሱ ነው። ከተረፈ ወይም ከጎደለ ግን ልጅ ተዘሏል ማለት ነውና ከክምሩ አንድ ጡብ እንዳይነሳ። በዚህ ላይ ግዝት አስነግሮኛል።"

ግዝት ለማታውቁ፣ ካህን በቃሉ የሚያስረው ነገር ነው። ያን ጊዜ ግዝት የጣሰ ሰው ጎረቤት እሳት አይሰጠውም ነበር።

ተስፋዬ ቸኩሏል። ሊያገባ ነው፤ የልጅቷ ቤተሰቦች የጡብ ቤት ይታይ ብለዋል።

"ምን የሚያስቸግር ነገር አለው?" አለ። "እኔና አስካለ ነን። ሁለት ሰው።" ከዚያ እኔን አየኝ። "አንተ ልጅ፣ ልትሸከም ነው የመጣኸው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ጡብ ልትወስድ?"

"ጡብ ሞልቶኛል" አልኩት። "ቀኑን ሙሉ የማየው ጡብ ነው። ልቆጠር ነው የመጣሁት።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አባ ተክሌ እጃቸውን አነሱ። "መጀመሪያ ለሁለት ይቆጠር። ለሁለት ከደረሰ አንተ በሰላም ትሄዳለህ። ካልደረሰ እንነጋገራለን። ተስማማህ?"

ተስማማሁ። ከሰው አፍ ከምጠብቅ ከጡብ ብጠብቅ ይሻለኛል ብዬ ነው። ጡብ አያፍርም፣ አይፈራም፣ ወገን የለውም። ያን ጊዜ የመሰለኝ እንዲህ ነው።

ከተሰበሰበው ሰው ጡብ ማንሳት ሥራዬ የሆነ እኔ ብቻ ስለነበርኩ አከፋፍል ተባልኩ። በግራ እጄ ለተስፋዬ፣ በቀኝ እጄ ለአስካለ። አባ ተክሌ መቁጠሪያቸውን እየገፉ ዙሩን ይይዛሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሁለት ክምር ቆመ፤ የድሮው ክምር መሬት ታየ። በመጨረሻ ጎንበስ ስል አንዷ እጄ ጡብ አገኘች፣ ሌላዋ አፈር ያዘች።

"ስንት ቀረ?" አሉ አባ ተክሌ።

"አንድ።"

አንዲት ሴትዮ "ልጅ ተዘሏል" ስትል ሰማሁ።

"አንድ ጡብ ምናላት? ለመድኃኔ ዓለም እንስጣትና ይለቅ" አለ ተስፋዬ።

"ግዝት በአንድ ጡብ አይፈታም" አሉት አባ ተክሌ። "ለሦስት ይቆጠር።"

ተስፋዬ ፊቱ ጠቆረ። "እሺ፤ ግን እሱ አይንካ። የጡብ ማምረቻ ሰው ነው፤ እጁ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል?"

አልተከራከርኩትም። ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጆቼን ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ጉልበቴ ላይ አደረግኋቸው። ጎረቤቶች ተነስተው ጡቡን ለሦስት ያዙት። አንዱ ለተስፋዬ፣ አንዱ ለአስካለ፣ አንዱ ለእኔ። የእኔ ክምር ሲያድግ ሳየው ዕንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት። ለሦስት እንደሚደርስ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም። አባቴ በአፋቸው መናገር ያልቻሉትን በጡብ ሊናገሩልኝ ነው ብዬ አምኛለሁ።

ሊመሽ ሲል አለቀ። አንድ ጡብ ተረፈ።

ተስፋዬ ሳቅ አለ፤ የደስታ ሳቅ ግን አይመስልም ነበር።

"አየህ?" አለኝ። "ከአንተም ጋር አልደረሰም። ሦስተኛው አንተ ብትሆን ኖሮ ያልቅ ነበር።"

እኔው ያመጣሁት ምስክር ነው የከዳኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ተነስቶ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ እስከ ዛሬም አልተወኝም። በማግስቱ ማንም ሳይጠራኝ ተመልሼ እዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ወሬው ዞሮ ነበር። ዛሬ 18 ማዞሪያ ከሚባለው ወገን ሳይቀር ሰው መጥቷል። ሽማግሌዎቹ መከሩ። እትዬ በለጡ ከሟች ጋር ለፍተው ያፈሩት ነውና ይቆጠሩ ተባለ። ለአራት ተካፈለ። አንድ ተረፈ። እንግዲያው የሟች የክርስትና ልጅስ ልጅ አይደለም ወይ ተባለ። ለአምስት ተያዘ።

አስካለ ወገቧን ይዛ ቆማ "አባዬ በዚያ ጋሪ የት የት ሲሄድ እንደነበር እንጃ" አለች። "እንግዲህ በየፌርማታው እየዞርን ልጅ እንልቀም?"

ሰው ሳቀ። እናቷ ቀና ብለው ሲያዩዋት ግን ዝም አለች። ለአምስትም አንድ ተረፈ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

የምትተርፈው ሁሌም ያችው አንዲት ጡብ ናት የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ በከሰል ምልክት አድርገውባት ከሁሉ በፊት እንድትነሳ አድርገው ነበር። ለአምስት ሲያልቅ የተረፈችው ሌላ ናት፤ ምልክት የሌላት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጡቧ አልነበረችም የምትተርፈው። መትረፉ ራሱ ነበር የሚመላለሰው። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ አንድ የማይታይ ነገር ክምሩ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ነበር።

ይህን ጊዜ መምህር ታደሰ መጣ። እነ ዘርጋ ጎረቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የሆነ ወጣት ነው። አስተምሮ መመለሱ ነው፤ ጫማው ጭቃ ነክቶታል።

"ለአምስት ስትካፈሉ ለአንድ ሰው ስንት ደረሰ?" አለ።

አባ ተክሌ መቁጠሪያቸውን አዩ። "አምስት መቶ አራት።"

"ለአራትስ?"

"ስድስት መቶ ሠላሳ።"

መምህር ታደሰ መሬት ላይ የወደቀ ከሰል አንስቶ ጭቃው ግድግዳ ላይ ጻፈ። ጻፈና ቆመ። ደግሞ ጻፈ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"ለስድስት አትድከሙ" አለ። "አንድ ይተርፋል።"

"በምን አወቅህ?" አሉት አባ ተክሌ።

"ለሰባትም አንድ ይተርፋል። ለስምንትም፣ ለዘጠኝም፣ ለአስርም አንድ ነው የሚተርፈው።"

"መምህር፣ ጥንቆላ ጀመርክ እንዴ?" አለ ተስፋዬ።

"ካላመንክ ለአስር ያዙት።"

ያዙት። ሰው በዝቶ ስለነበር አስር ሆነው አንድ አንድ ጡብ እያነሱ በየፊታቸው ከመሩ። ሴቶቹም ገቡበት። የሚሰማው የጡብ ድምፅ ብቻ ነበር። ሲያልቅ አስር እኩል ክምር ቆመ። መሀል ላይ አንድ ጡብ።

አንድ ነገር ሳይሆን በፊት ተነግሮ ልክ እንደተባለው ሲሆን ያየሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። መምህር ታደሰ ግን እንደ ጠንቋይ አልኮራም። እሱ ራሱ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ቆሞ ነበር።

"እዩት" አለ፤ ከሰሉን ይዞ። "አንዷን ጡብ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጓት። የሚቀረው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ነው። ይህ ቁጥር ከአንድ እስከ አስር ብትጠይቁት ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ከእሱ ያነሰ እንዲህ የሚሆን ሌላ ቁጥር የለም። አሁን አንዷን መልሷት። ለሁሉም ይደርስ የነበረው፣ በእሷ ምክንያት ለማንም አይደርስም።"

"ከአስር በላይስ?" አልኩት። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ግድግዳው ሥር መድረሴን አላወቅሁም።

"ልሞክር" አለ። ለአስራ አንድ ሁለት ተረፈ። ለአስራ ሁለት እንደገና አንድ። ለአስራ ሦስት ሲሆን አንድ ጡብ ጎደለው፤ አባ ተክሌ "መጉደልም መጣ" ብለው አጉተመተሙ። መምህሩ ቀጠለ። ግድግዳው በከሰል ጠቆረ። ሃምሳ ሲደርስ ከሰሉን ጣለው።

"ከዚህ በኋላ መሞከር አያስፈልግም። ከሃምሳ በላይ ለሆኑ ሰዎች ቢዳረስ የአንዱ ድርሻ ከሃምሳ በታች ይሆን ነበር። ከሃምሳ በታች ያለውን ደግሞ ሁሉንም ፈትሼዋለሁ። የለም።"

"ታዲያ ለስንት ሰው ነው የሚካፈለው?"

"ወይ አንድ ሰው ሁሉንም ይወስዳል፤ ወይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ ሰው ተሰልፎ አንዳንድ ጡብ ይይዛል። ሌላ መንገድ የለውም።"

አባ ተክሌ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አዩት። "እንዲህ ያደረገው ማነው?" አሉ።

"ማንም አላደረገውም አባ። ድሮም እንዲሁ ነው።"

"ዘርጋ ሳይወለድም?"

"ሳይወለዱም።"

"ዓለም ሳይፈጠርም?"

መምህር ታደሰ ጣቶቹ ላይ ያለውን ከሰል ጠረገ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ከቀራንዮ በላይ ደመና ቆሟል። አባቴ አንድ ቀን አምስት፣ አንድ ቀን ሁለት እያመጡ፣ ማንም ሳይቆጥርላቸው፣ እሳቸውም ሳያውቁት፣ ከዓለም በፊት በነበረ ነገር ላይ ጡብ በጡብ ሲወጡ ኖረዋል። አንድ ጡብ ቢጨመር ወይ አንድ ቢሰበር ኖሮ ይህን አናይም ነበር። ግድግዳውን ደገፍ አልኩ።

ተስፋዬ ወደ መምህሩ ዞረ። "እሺ፣ ታዲያ ይሄ ልጅ የአባቴ ልጅ ነው ወይስ አይደለም?"

"እሱን ጡቡ አይነግርህም" አለው መምህሩ። "ልጅ ቢሆንም አንድ ይተርፋል፤ ባይሆንም አንድ ይተርፋል።"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ሁሉ ግርማ፣ ያ ሁሉ ተአምር፣ ስለ እኔ ምንም አያውቅም። ለእኔ ብሎ አልቆመም፤ በእኔ ላይም አልቆመም። ጋቢዬን አንስቼ ልወጣ ስል ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

"ቁጭ በል።"

እትዬ በለጡ ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። ተነስተው ወደ ክምሩ መሀል መጡ።

"ዘርጋ በአፉ መናገር ፈርቶ ለጡብ አደራ ሰጠ" አሉ። "ጡቡ ደግሞ አልመሰክርም አለ። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ሕፃን ሳለህ ኩፍኝ ታመህ ነበር። ዘርጋ ጋሪውን መንገድ ላይ ትቶ በፈረሱ ሄደ። ሲመለስ ጋቢው የልጅ ትውከት ነበረበት። ያጠብኩት እኔ ነኝ። የማን ልጅ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። ያልጠየቅሁት ስለማውቅ ነው።"

"እማዬ" አለ ተስፋዬ። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ትናገር ነበር?" አሉት። "ወንድምህ ነው። ጆሮውን እይ፤ ያንተው ጆሮ ነው።"

አስካለ ቀርባ አየችኝ። "እውነትም ያንተ ጆሮ ነው" አለች ለተስፋዬ። "አንተ ላይ ግን ይከፋል።"

አባ ተክሌ መስቀላቸውን አነሱ።

"ግዝቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "የታሰረውም ልጅ እንዳይዘለል ነው። አልተዘለለም። ፈትቼዋለሁ።"

"ጡቡስ? አሁንም እኮ አይካፈልም" አለ ተስፋዬ።

"ማን ተካፈሉት አላችሁ?" አሉ እትዬ በለጡ። "አንድ ቤት ሥሩበት።"

ተሠራ። ጡቡን ከሥር የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ ላይ ሆኖ የሚቀበለው ተስፋዬ። ሦስት በር ያለው አንድ ቤት ነው። ተስፋዬ በአንዱ በር ሚስቱን አገባ፤ ሌላው በር ለእትዬ በለጡና ለአስካለ ሆነ፤ በሦስተኛው እኔ ገባሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። መንግሥት ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ቤት ሲወረስ አይቻለሁ፣ ሰው ትናንት የማለበትን ዛሬ ሲክድ አይቻለሁ። ያ ቁጥር ግን ዛሬም ለሰባት አንድ ይተርፈዋል። መሠረተ ትምህርት ስገባ አስተማሪዋ በመጀመሪያ ምን መጻፍ ትፈልጋለህ ብትለኝ እሱን ነው የጻፍኩት፤ ስሜን ከዚያ በኋላ ነው። መምህር ታደሰን አንድ ቀን እንዲህ ለማንም የማይካፈሉ ቁጥሮች ሌሎችም አሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ማለቂያ የላቸውም" አለኝ። "ምንም ያህል ሩቅ ብትሄድ ከፊትህ ሌላ አለ።" ይህን ሳስብ አሁንም እንደ ልጅ ይጨንቀኛል፤ ደስም ይለኛል። እኛ ስንጣላም ስንታረቅም እነሱ እዚያ ተሰልፈው ቆመዋል።

የምመክራችሁ ግን ሌላ ነው። ሰው ሊናገረው የሚገባውን ነገር ለዕቃ አደራ አትስጡ። ዕቃ የራሱ ሕግ አለው። እኔን ልጅ ያደረገኝ ያ ታላቅ ቁጥር አይደለም፤ አንዲት የተጎዳች ሴት ከበርጩማዋ ተነስታ መናገሯ ነው። ቁጥሩ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ ሰው እስኪናገር ድረስ ጠበቀ።

ተስፋዬ በኖረበት ዘመን ሁሉ ወንድሜ ብሎ በአፉ ጠርቶኝ አያውቅም። ሽብሩ ይለኛል፤ ሲናደድ ደግሞ ጡብ ጫኙ። እኔም አልጠየቅሁትም። እትዬ በለጡ ያረፉ ዕለት ማለዳ፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በየደጁ ሲዞር እኔ ግቢ ውስጥ ድንኳን ከምንተክልበት ቦታ ድንጋይ አነሳ ነበር። ሰውየው በራችን ላይ ቆሞ ነፋና ጮክ ብሎ ተናገረ። የተስፋዬ፣ የሽብሩና የአስካለ እናት እትዬ በለጡ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ነው።

ድንጋዩን አስቀመጥኩ። ተከትዬው ሄጄ እንደዚያ ብለህ ጥራ ያለህ ማነው ብዬ ጠየቅሁት።

"ትልቅየው" አለኝ። "ደግሞ ሳልስት እንድናገር ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል።"